ከባዱ ጥጃ፦ የእድገትን ዘር ከሚዛን ላይ ለይቶ የማውጣት ሥራ ማስታወሻ

1ኛ ቀን

ዘንድሮ ጡት ከጣሉት ወንድ ጥጆች ውስጥ ለዘር የሚቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ይኮላሻሉ። አንደኛው ማን እንደሚሆን ሁሉም ሰው አስቀድሞ የወሰነ ይመስላል፦ 47 ቁጥር። ጡት በጣለበት ቀን 268 ኪሎ መዘነ። ከእኩዮቹ መሐል ሲቆም ታላቅ ወንድማቸው ይመስላል፤ ደረቱ ሰፊ፣ ታፋው የሞላ። እኔም ሳየው ልቤ ሄዷል። በኋላ ስሌቱን ወደ እርሱ እንዳላጋድል ይህን ከአሁኑ ጽፌ አስቀምጣለሁ።

ያለኝ የሰባት ዓመት የመዝገብ ደብተር ነው። 612 ጥጆች ከነልደት ቀናቸው፣ ከልደት ክብደታቸው፣ ጡት በጣሉበት ቀን ከመዘኑት፣ ከእናትና ከአባታቸው ቁጥር ጋር ሰፍረውበታል። ማውጣት የምፈልገው የእያንዳንዱን እንስሳ የእርባታ ዋጋ ነው፦ ከሚዛኑ ላይ የምናየው ክብደት ውስጥ በዘር የሆነውና ለልጅ ሊተላለፍ የሚችለው ስንት ኪሎ እንደሆነ።

3ኛ ቀን

ደብተሮቹን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። የልደት ክብደት የሰፈረበት ዓምድ መጀመሪያ አሳቀኝ፤ ቆይቶ አናደደኝ። 35፣ 35፣ 30፣ 35፣ 40፣ 35። በአራተኛው ዓመት ከተወለዱት 91 እምቦሶች 58ቱ ልክ 35 ኪሎ ሆነው ነው የተወለዱት። ሚዛን እንዲህ አይናገርም፤ የሚናገረው ዓይን ነው። አንድ ሰው እምቦሳዋን ከሩቅ አይቶ «ሠላሳ አምስት ብትሆን ነው» ብሎ ጽፎ ሄዷል።

የዚያን ዓመት የልደት ክብደት በሙሉ ሰረዝኩት። በእንስሶች መካከል ልዩነት የማያሳይ ቁጥር ለዘር ስሌት ምንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ቢገባ ሁሉንም ወደ መሐል እየጎተተ ያበላሻል። የልደት ቀኖቹን ግን ትቻቸዋለሁ። ሌላ እጅ የጻፋቸው ስለሆኑ ይታመናሉ።

4ኛ ቀን

23 ቁጥር ላም ከመወለዷ ሁለት ዓመት በፊት ወልዳለች።

የጆሮ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ተሰጥቶ ኖሯል፤ አንዴ ለአሮጊቷ፣ እሷ ከመንጋው ከወጣች በኋላ ደግሞ ለአንዲት ጊደር። ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ቁጥር ፊት የልደት ዓመት ይጨመራል። 17 እና 71 የተቀያየሩባቸው ሦስት ቦታዎችም አሉ። ሁለቱን ከወለዱበት ቀን አስታክኬ አቃናኋቸው። ሦስተኛውን ባዶ ተውኩት፤ የተሳሳተ እናት ከመጻፍ «አይታወቅም» ማለት ይሻላል።

6ኛ ቀን

የሚዛኑን ስህተት ለማወቅ 20 ጥጆችን ሁለት ጊዜ መዘንን፦ ትናንት ማታ ከግጦሽ እንደገቡ፣ ዛሬ ማለዳ ደግሞ ውኃ ሳይጠጡ። ልዩነቱ ከ6 እስከ 14 ኪሎ ነው። የሚያመሰኳ ከብት በሆዱ ይዞት የሚዞረው ሣርና ውኃ ከጠቅላላ ክብደቱ አንድ አሥረኛውን ሊያልፍ ስለሚችል ይህ አይገርምም። ጡት ሲጥሉ ግማሾቹ ጠዋት፣ ግማሾቹ ከሰዓት በኋላ መመዘናቸውን ስሰማ ደንግጬ ነበር። ደግነቱ ጠዋት የተመዘኑት ሁሉም ከአንድ መስክ፣ ከሰዓት በኋላ የተመዘኑት ደግሞ ሁሉም ከሌላው መስክ ናቸው። ስህተቱ ለቡድኑ ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ጥጃው ከቡድኑ አማካይ ጋር ሲነጻጸር ተቀናንሶ ይጠፋል።

47 ሚዛን ላይ ሲወጣ ፊት እግሩን አስቀድሞ ቆም ይልና ብረቱን ያሸታል። ከዚያ በሙሉ ክብደቱ ሲገባበት ሰሌዳው 281፣ 259፣ 274 እያለ ይዋዥቃል። ሌሎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ እርሱ ግን ቁጥሩ ከረጋ በኋላም መውጣት አይፈልግም።

8ኛ ቀን

የዕድሜ ማስተካከያ። ጥጆቹ ጡት የጣሉት በአንድ ቀን ቢሆንም የተወለዱት በአንድ ቀን አይደለም። የተለመደው አሠራር ሁሉንም ወደ 205 ቀን ማምጣት ነው፦ ጡት ሲጥል ከመዘነው ላይ የልደት ክብደቱን ቀንሶ፣ ለዕድሜው ቀናት አካፍሎ፣ በ205 አባዝቶ፣ የልደት ክብደቱን መልሶ መደመር።

47 የተወለደው 41 ኪሎ ሆኖ ነው፤ 268 ሲመዝን ዕድሜው 244 ቀን ነበር። በቀን 0.93 ኪሎ ጨምሯል ማለት ነው፤ በ205 ቀን 231.7 ኪሎ። ለማነጻጸር ከዝርዝሩ መሐል ማንም ያላስተዋለውን 112 አነሳሁ፦ ሲወለድ 33፣ በ188 ቀኑ 219። በቀን 0.99፤ በ205 ቀን 235.8 ኪሎ። በሚዛን 49 ኪሎ ይበልጥ የነበረው 47 አሁን በ4 ኪሎ ያንሳል። ግዙፍ ያስመሰለው 56 ቀን አስቀድሞ መወለዱ ነው።

የእናት ዕድሜ ደግሞ አለ። የ47 እናት የ7 ዓመት ላም ናት፤ ወተቷ የደረሰ። የ112 እናት በ2 ዓመቷ የመጀመሪያዋን የወለደች ናት፤ ራሷ ገና እያደገች ጥጃ ታጠባለች። በሥጋ ከብት እርባታ በሰፊው የሚሠራበት ሠንጠረዥ ለ2 ዓመት እናት ወንድ ጥጃ 27 ኪሎ ያህል ይጨምራል፤ እናትየው ከ5 እስከ 10 ዓመት ከሆነች ምንም አይጨምርም። በዚህ ከሄድን 112 ወደ 263 ይጠጋል። ሠንጠረዡ ከሌሎች መንጋዎች የተሠራ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ በመጨረሻው ስሌት የእናት ዕድሜን ከራሳችን መረጃ አስገምታለሁ። ለዛሬ ግን ይበቃል።

9ኛ ቀን

የእኩዮች ቡድን። በአንድ ዓመት፣ በአንድ መስክ፣ በአንድ አያያዝ ያደጉ፣ ጾታቸው አንድ የሆነ ጥጆች ብቻ ናቸው እርስ በርስ የሚወዳደሩት። 47 ከወንዝ ዳር መስክ ነው፤ ከቡድኑ አማካይ በ6 ኪሎ ይበልጣል። 112 ከላይኛው መስክ፣ በ25 ኪሎ ይበልጣል። ታሞ ለብቻው ያደገ አንድ ጥጃም አለ፤ ቡድኑ እርሱ ራሱ ብቻ ስለሆነ ከአማካዩ ያለው ልዩነት ዜሮ ነው። ለብቻ የሮጠ አንደኛም መጨረሻም ነው። አወጣሁት።

11ኛ ቀን

ከሁሉም አንጋፋ የሆኑት የከብቶቹ ጠባቂ በረት ውስጥ ሲያጸዱ አገኘኋቸውና የ47 ነገር እንዳልጣመኝ ነገርኳቸው። መንሹን ሳያስቀምጡ «ልጄ፣ እርሱማ ሁለት እናት ነው ያለው» አሉኝ።

ለካ 38 ቁጥር ላም ጥጃዋ በተወለደ በሳምንቱ ሞቶባታል። 47 ተጠግቶ ጠባት፤ እሷም አልከለከለችውም። ጠዋት ከእናቱ፣ ቀን ከ38። «ጋሼ፣ ለምን ደብተር ላይ አልተጻፈም?» ስል «ደብተሩ መች ይጠይቃል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደብተሩ ላይ የክብደት፣ የቀንና የቁጥር ቦታ አለ፤ «ሌላ ላም ጠብቷል» የሚባል ቦታ የለም።

የ47ን ጡት መጣያ ክብደት ከስሌቱ አወጣሁት። የሁለት ላም ወተት የጠጣ ጥጃ ከቡድኑ በ6 ኪሎ ብቻ መብለጡ ከወቀሳ በቀር ሌላ አያስገኝለትም፤ ነገር ግን ወቀሳውን በቁጥር ማስላት አይቻልም። ሲወጣ ልቤ ትንሽ ተሰብሯል።

13ኛ ቀን

ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። ጡት በሚጣልበት ክብደት ላይ ግን ዘር ብዙ አይስብም። በየአገሩ በተሠሩ ጥናቶች የጥጃው የራሱ ዘር ድርሻ በአብዛኛው ከመቶ 20 እስከ 30 ይደርሳል፤ የልደት ክብደትና የአንድ ዓመት ክብደት ከዚህ ከፍ ይላሉ፣ ከመቶ 40 አካባቢ የሚደርሱበት ጊዜ አለ። የቀረው ሣር፣ ወተት፣ በሽታ፣ ዝናብና ዕድል ነው። 612 ጥጃ ይህን ድርሻ በራሱ ለመገመት ያንሳል። ስለዚህ 0.25 ብዬ ከውጭ ወሰድኩ።

በ112 ላይ ብቻ እንሞክረው። ከቡድኑ በ25 ኪሎ ይበልጣል፤ በ0.25 ሲባዛ የእርባታ ዋጋው 6 ኪሎ ከሩብ። ኮርማ ለልጁ የሚሰጠው የዘሩን ግማሽ ስለሆነ ልጆቹ ከአማካይ ይበልጣሉ ተብሎ የሚጠበቀው በ3 ኪሎ ብቻ ነው። 25 ኪሎ በሁለት እርምጃ 3 ኪሎ ሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል፤ እኔ ግን 3 ኪሎ በየልጁ፣ በየዓመቱ፣ ከዚያም በልጅ ልጆቹ እንደሚቀጥል አስባለሁ፤ ሣር ያመጣው ኪሎ ከሣሩ ጋር ያልቃል።

15ኛ ቀን

ዘመዶችን ማስገባት። የአንድ ጥጃ ዋጋ ከራሱ ክብደት ብቻ ሳይሆን ከአባቱ ልጆች፣ ከእናቱ፣ ከአያቱ ጭምር ይሰላል። ዘዴው የአሜሪካዊው የእንስሳት እርባታ ተመራማሪ የቻርልስ ሄንደርሰን ነው። ከነወላጆቻቸው 871 እንስሶች አሉኝ፤ ማን ለማን ምን ያህል እንደሚዛመድ የሚያሳየው ሰንጠረዥ 758,641 ሳጥን አለው፤ ስሌቱ የሚፈልገው ደግሞ የዚህን ሰንጠረዥ የሒሳብ ተገላቢጦሽ ነው (የ4 ተገላቢጦሽ አንድ አራተኛ እንደሆነው)። ሄንደርሰን በ1976 ያሳየው ነገር ሰንጠረዡን ጨርሶ ሳይሠሩ ተገላቢጦሹን በቀጥታ መጻፍ እንደሚቻል ነው። በሥጋ ዘመዶች መካከል ርቢ ከሌለ ደንቡ በጣት የሚቆጠር ነው፦ ሁለቱም ወላጆቹ ለታወቁ እንስሳ በራሱ ሳጥን 2 ይጨመራል፤ ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር በሚገናኝበት ሳጥን 1 ይቀነሳል፤ በወላጆቹ ሳጥኖችና ሁለቱ በሚገናኙበት ግማሽ ግማሽ ይጨመራል። አንድ ወላጅ ብቻ ሲታወቅ 2 በነበረበት አራት ሦስተኛ፣ 1 በነበረበት ሁለት ሦስተኛ፣ ግማሽ በነበረበት አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ምንም ካልታወቀ 1 ብቻ። አብዛኛው ሳጥን ዜሮ ሆኖ ይቀራል፤ ቁጥር የሚገባባቸው ከ8,000 አይበልጡም።

መጀመሪያ በአምስት እንስሶች በእጄ ወረቀት ላይ ሠራሁት፤ ከዚያ ኮዱን ጻፍኩ። ሁለቱ ገጠሙ። አምሽቼ በሙሉ መረጃው ላይ አስኬድኩትና ተኛሁ።

16ኛ ቀን

ከኮርማዎቹ ሁሉ ብዙ ልጅ ያለው «ዜሮ» የሚባል ኮርማ ሆኖ ተገኘ። 74 ልጆች አሉት፤ በየዓመቱ፣ በየመስኩ ወልዷል፤ ዋጋውም መጥፎ አይደለም።

አባታቸው ላልታወቀ ጥጆች ደብተሩን ስገለብጥ 0 ጽፌ ነበር፤ ኮዱም 0ን እንደ አንድ እንስሳ ቆጥሮ 74 የማይተዋወቁ ጥጆችን ወንድማማች አደረጋቸው። የአምስቱ እንስሶች ሙከራ ያላጋለጠው ሁሉም ወላጆቻቸው የታወቁ ስለነበሩ ነው። ሙከራዬ ውስጥ አባት የሌለው ጥጃ ሳላስገባ መተኛቴ ያሳፍራል። ተስተካክሎ እንደገና ተሰላ።

18ኛ ቀን

የእናት ተጽዕኖ ቀኑን ሙሉ በላው። ጡት በሚጣልበት ክብደት ውስጥ ሁለት ዓይነት ዘር አለ፦ ጥጃው ራሱ የሚያድግበትና እናቲቱ ወተት የምትሰጥበት። ኮርማ ወተት ባይሰጥም የወተት ዘር ይይዛል፤ ልጆቹ ሴቶች ሆነው ሲወልዱ ነው የሚታየው። ሁለቱን ለመለየት በየትውልዱ የወለዱ ሴት ልጆች ያስፈልጋሉ።

እኛ ዘንድ ግማሹ ላም የተመዘገበላት አንድ ወይም ሁለት ጥጃ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ሞከርኩ። ኮምፒውተሩ በእድገትና በወተት ዘር መካከል ያለው ቁርኝት (0 ምንም ዝምድና የለም፣ 1 ፍጹም አብሮ መሄድ፣ ከዜሮ በታች 1 ፍጹም ተቃራኒ ነው) ከዜሮ በታች 0.9 ነው አለኝ። ማለትም ጥሩ የሚያድግ ሁሉ ልጆቹ ወተት የላቸውም። በብዙ መንጋዎች አሉታዊ ቁርኝት እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን የመረጃ ጥበት ውጤት ነው እንጂ የከብት አይደለም። ቁርኝቱን ዜሮ አድርጌ፣ የእናትን ድርሻ ከተለመደው መጠን ወስጄ አለፍኩ። ሐቀኛ የሆነ ግምት ከሐሰተኛ ልኬት ይሻለኛል።

20ኛ ቀን

ውጤት ወጣ። 112 በ9.4 ኪሎ አንደኛ። 86 ቁጥር የሚባል ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙ ተነስቶ ከማያውቅ ኮርማ የተወለደ በ7.1 ተከተለ። 47 የራሱ መረጃ ስለሌለው የወላጆቹን አማካይ ይዞ 0.8 ላይ ቆሟል።

ያሳሰበኝ ግን 3 ቁጥር ኮርማ ነው። ልጆቹ ጡት ሲጥሉ ከባድ ናቸው፤ ሲወለዱም ከባድ ናቸው፤ በደብተሩ ኅዳግ ላይ «በገመድ ተሳበ» የሚል ማስታወሻ ካላቸው 11 ጥጆች 6ቱ የእርሱ ናቸው። የልደት ክብደትና የአንድ ዓመት ክብደት በዘር የተሳሰሩ ስለሆኑ እድገትን ብቻ እያዩ የሚመርጡ ሰዎች ሳያስቡት ምጥን ያከብዳሉ። የ112 የልደት ክብደት 33 መሆኑን ሳስብ ደስ አለኝ፤ ሲወለድ ቀላል፣ ሲያድግ ፈጣን የሆነ እንስሳ እምብዛም አይገኝም።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ድካም ሰምቶ «የእድገቱን ዘረመል ብቻ ለምን አታስመረምርም?» አለኝ። «የእድገት ዘረመል» የሚባል አንድ ነገር ቢኖር ኖሮ! በ2018 የታተመ ጥናት 58,265 ከብቶችን አገናዝቦ ከቁመት ጋር የተያያዙ 163 የዘረመል ሥፍራዎች አገኘ፤ ሁሉም አንድ ላይ ተደምረው ያብራሩት ቢበዛ የልዩነቱን 13.8 በመቶ ነው። ቀሪው እጅግ ጥቃቅን ድርሻ ባላቸው እልፍ ሥፍራዎች ተበትኗል። በ14ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ፕላግ1 የሚባለው ጉልህ ነው፤ እርሱም ቢሆን የልደት ክብደትንም አብሮ ያነሳል። አንድ ዘረመል ብቻውን ከብትን ሲለውጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ቤልጂየም ብሉ የሚባለውን ዝርያ ይመልከት፦ ማዮስታቲን የተባለው የጡንቻ ልጓም ከዲኤንኤው 11 ፊደል ጎድሎበት ተበላሽቷል፤ ይህም በ1997 ታወቀ። ጡንቻው ድርብ ነው፤ ብዙዎቹ ላሞች ግን የሚወልዱት ሆዳቸው ተቀዶ ነው።

23ኛ ቀን

ትክክለኛነት። በራሱ ክብደት ብቻ የተገመተ እንስሳ ግምቱ ከእውነተኛው ዋጋ ጋር ያለው ቁርኝት 0.5 ነው። 18 ልጆች የተመዘኑለት 5 ቁጥር ኮርማ 0.74 ይደርሳል። አባቱ ያልታወቀ፣ ራሱም ያልተመዘነ ጥጃ ዋጋ ተጽፎለት ሳይ ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ነው የሚታወሰኝ። ከእንግዲህ ከዋጋው ጎን ትክክለኛነቱ ሳይጻፍ ዝርዝሩን ለማንም አላሳይም።

34ኛ ቀን

ለወላጅነት ምርመራ ከላክናቸው 40 የጅራት ጸጉር ናሙናዎች ውጤቱ መጣ። የ6ቱ አባት ደብተሩ ከሚለው የተለየ ነው። አንደኛው 112 ነው።

አባቱ 5 ሳይሆን 8 ቁጥር ነው። ከተወለደበት ቀን የእርግዝናውን 283 ቀን ወደ ኋላ ብቆጥር በላይኛው መስክ አጥሩ ፈርሶ በነበረበት ሳምንት ላይ አረፈ። 8 ቁጥር አማካይ ኮርማ ስለሆነ የ112 ዋጋ ከ9.4 ወደ 6.8 ወረደ፤ 86 በጥቂቱ ቀደመው። ከአባቱ የተዋሰው ክብር ሲነሳበት የቀረው የራሱ ነው። ከ8 ቁጥር ለእርሱ የደረሰው ግማሽ ዘር የተሻለው ግማሽ ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ አባትና እናት የሚወለዱ ወንድማማቾች የሚለያዩት በዚህ ነው።

ሁለቱን፣ 86ን እና 112ን፣ ለማስቀረት ተስማማን። 47ን ወዲያው እናኮላሸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እስከ አንድ ዓመት እንዲቆይ ለመንኩ፤ ጡት ከጣለ በኋላ የሚጨምረው የራሱ ነው፣ ከ38 የሚጠባው ወተት የለም።

ጡት ከጣሉ በ151ኛው ቀን

ማለዳ፣ ውኃ ሳይጠጡ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ተመዘኑ። 47፦ 371። 112፦ 354። በሚዛን አሁንም 47 ይበልጣል፤ እንግዳ ቢመጣ አሁንም እርሱን ይመርጥ ነበር። ከጡት መጣል ወዲህ ግን 47 በቀን 0.68 ኪሎ ሲጨምር 112 በቀን 0.89 ጨምሯል። በወተት ጠግቦ የወፈረ ጥጃ ወደ ሣር ሲወርድ መዘግየቱ፣ ተርቦ ያደገው ደግሞ ማካካሱ የታወቀ ስለሆነ ልዩነቱን በሙሉ ዘር አልለውም። የእናት ዕድሜ ማስተካከያው ተጨምሮ ወደ 365 ቀን ሲመጣ 112 ወደ 406፣ 47 ወደ 341። 86 በመሐል፣ 392።

47 ነገ ይኮላሻል። ከሚዛኑ ሲወርድ እንደ ልማዱ ብረቱን አሸተተ።

በ163ኛው ቀን

የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያዋ እምቦሳ ሌሊት ተወለደች። ማለዳ በረት ስደርስ ደብተሩ በሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ባለፈው ወር በማስመሪያ ያሰመርኩት አዲስ ዓምድ፣ «ሌላ ላም ጠብቷል?» የሚለው፣ ገና ባዶ ነው። ቀን፣ የእናት ቁጥር፣ የአባት ቁጥር በጋሼ እጅ ተጽፈዋል። የልደት ክብደት፦ 34.5።